ለድልድይ የተተከለ ድንኳን

ባለቤቴ ዘይነባ በሐምሌ ሞተች።

ይህን ያስቀደምኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። በቂ ታዝኗል። የሮቤ ሰው ማዘን ያውቅበታል፤ በዚህ በኩል ከማንም ጋር ቢወዳደር አያፍርም። ሰው ሞተ ሲባል የሰፈራችን ሰው የጎረሰውን ሳይውጥ ይደርሳል። ድንኳን ሲባል ድንኳን፣ አግዳሚ ሲባል አግዳሚ፣ ውሃ ሲባል ውሃ። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ታዲያ ይኸው ሰው፣ ያው ራሱ፣ ለቆመ ሰው «ና እስቲ አግዘን» ሲባል ወገቡን ይይዛል። ወገብ የሚባል ነገር እንዳለው ትዝ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ለምን ይሆን? እኔ የስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ይዤ ብዙ አስቤበታለሁ። ለሙታን መሥራት የሚቀለው ሙታን አስተያየት ስለማይሰጡ ይመስለኛል።

በሰፈራችንና በትምህርት ቤቱ መሃል የጎርፍ ቦይ አለ። በበጋ ፍየል ትዘለዋለች። ክረምት ሲገባና የተራራው ውሃ ሲወርድ ግን ራሱን ከወንዝ ይቆጥራል፤ ያገሳል፣ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ሰው ይሳደባል። በላዩ የነበሩትን ሁለት መሻገሪያ እንጨቶች የዚያን ዓመት ክረምት ይዟቸው ሄደ። ይሄኔ ጊኒር ገብተው ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እናቶች ናቸው ልጆቻቸውን አዝለው የሚያሻግሩት።

ልጄ ሀያት በመስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። የምታሻግራት እናት የላትም። እኔ የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮው ደግሞ ከልጄ በፊት ነው የሚነሳው። ማን ያሻግራት? ጎረቤቶቼን አማከርኩ። ሁሉም «እኛ እያለን!» አሉኝ። ደስ የሚል ቃል ነው። ግን «እኛ» የሚባል ሰው ጠዋት በር ላይ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ቀበሌም ሄጄ ነበር። «ድልድዩ በእቅድ ተይዟል» አሉኝ። ለመቼ ስላቸው፣ እሱም ገና ሊታቀድ ነው።

የቀረኝ እድራችን ነው። በእኛ እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ቀባሪ ሲያንስ አይመረጥም ብለው አባቶቻችን ያቋቋሙት ነው። ሰብሳቢው ሐጂ ከድር ናቸው፤ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚናገሩ ሁሉም ዝም ብሎ የሚሰማቸው። ምክትላቸው ጋሽ ተፈራ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ናቸው። እሳቸው ጮክ ብለው ይናገራሉ።

በሰው ፊት ተነስቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «ድልድይ እንሥራ» አልኩና ተቀመጥኩ። ጋሽ ተፈራ ንግግሩ ቢያጥርባቸው እሳቸው ቀጠሉልኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ተረት ሃምሳው ሰው መጥቷል ብሎ ነው የሚጀምረው። ካልመጣ ሎሚው ያው ያንድ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን መምረጥ ሆነ። አርብ ጁምዓ ነው። እሁድ ቅዳሴ ነው። አንዱ ሚካኤል ነው አለ፣ ሌላው ገብርኤል፤ አንዱ ደግሞ በአማቱ በኩል የጨረቃውን ቀን ቆጠረ። ዶማ ሲነሳ አብሮ የማይነሳ በዓል የለም። በመጨረሻ ትምህርት ከሚከፈትበት ሰኞ በፊት ያለችው ቅዳሜ ብቻ ቀረች፤ ተጨበጨበላት። እኔ የሥራው ኃላፊ ተባልኩ። ሐዘንተኛ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፣ ኃላፊነት ያስታምመዋል ተባለ። ለራስ ምታት ዳማ ከሴ፣ ለሐዘን ኮሚቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰው ተገኘ። ሐጂ ከድር ከከዘራቸው ጋር፣ ጋሽ ተፈራ ከጃንጥላቸው ጋር፣ እኔ ከዶማዬ ጋር። ሐጂ ከጓሯቸው አራት ወፋፍራም ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ለድልድዩ ሰጥተዋል፤ አላህ ይስጣቸው። ችግሩ ግንዶቹ ከላይ ጓሮ፣ ቦዩ ከታች መንገድ ዳር መሆኑ ነው። አንዱን ግንድ በአንድ ጫፍ ይዤ ታገልኩ። አልተነቃነቀም። ሐጂ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉትና «ከባድ ነው» አሉ። ጋሽ ተፈራ ይህን ሐሳብ ደገፉ።

ወደ ቦዩ ወርደን የሚመጣ ሰው ስንጠብቅ ካፊያ ጀመረ። የባሌ ካፊያ ታውቃላችሁ፤ ትንሽ መስሎ አጥንት ይገባል። ጋሽ ተፈራ ሳል አለባቸው፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው «እንግዲህ በሌላ ቀን» አሉ። እሳቸው ቢሄዱ ከበጎ ፈቃደኛው ሕዝብ ሲሶው መሄዱ ነው። ሐጂ ጉዳዩ ገባቸው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሳቸው ነው። «ቆይ ተፈራ፣ ዝናቡን እንከልልሃለን» አሉና ድንኳኑን አስወጡኝ። ሁለት አግዳሚም ጨመርን። ድንኳን መትከል ለምዶብናል፣ ጊዜ አልፈጀም። ጋሽ ተፈራ ገብተው ተቀመጡ። እኔም ማንም እንደማይመጣ ቁርጡን አውቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እናንተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይሄኔ ገብቷችኋል። እኛ ግን አልታየንም። ድንኳኑን ሁልጊዜ ከውስጥ ስለምናየው ይሆናል።

መጀመሪያ የገቡት አዴ ከዲጃ የሚባሉ ከገሰራ ቅቤ ይዘው ለገበያ የመጡ ባልቴት ናቸው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ቅቤያቸውን ደጃፍ አስቀመጡና «ኤኙቱ ዱኤ?» አሉኝ፤ ማን ሞተ ማለታቸው ነው። መልስ ግን አልጠበቁም። በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ደህና አድርገው አለቀሱ። ጋሽ ተፈራ ሊያስረዷቸው ተነስተው ነበር፤ ልቅሶው ሆዳቸውን አባባውና መሐረብ አወጡ። በመንገድ የሚያልፍ ባለጋሪ ጋሽ ተፈራን ከነመሐረባቸው አየ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ባለጋሪ ያየውን ካልተናገረ ፈረሱም አይሄድለት። ብዙም ሳይቆይ ሰው በሁለትና በሦስት እየሆነ ይገባ ጀመር። ነጠላ የዘቀዘቀ፣ ሻሿን ያጠበቀች፣ አንገቱን የደፋ። «ራቢ ሰብሪ ሀ ኬኑ» ይለኛል አንዱ፣ ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይስጥ ማለቱ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል ሌላው። አንገቴን እየሰበርኩ አሜን እላለሁ። ምን ልበል? ንፍሮ መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ንፍሮ ድንኳን ካለ መንገዱን ያውቃል። አግዳሚ አነሰ ተብሎ ተጨማሪ የሚያመጣ ሰው ሄደ። ጠዋት ወገባቸውን ያመማቸው ሁሉ መጡ።

ቀጥሎ ንጉሤ ደረሰ። ንጉሤ የወፍጮ ቤት ባልደረባዬ ነው። ከነዱቄቱ ነው የመጣው፤ እንባው ፊቱ ላይ ሊጥ ሠርቷል። «ወይኔ ወንድሜ ጀማል!» እያለ ገባና እኔው ላይ ሊደፋ ሲል ቀና ብሎ አየኝ።

«አለህ እንዴ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ወፍጮውን አስቁሜ የመጣሁት ለማን ነው?»

ይቅርታ ጠየቅሁት። በሕይወት በመኖሬ ይቅርታ ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ይቅር አለኝ፤ ደግሞ እንዳይለምድህ ዓይነት ነገር።

ከዚህ በኋላ እውነቱ ወጣ። የሞተ የለም። ድንኳኑ ለጋሽ ተፈራ ሳል ነው። ሰው ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ ማንም ቢሆን ይቆጣል። «ድንኳን በዋዛ ይተከላል?» አለ አንዱ። «ሟርት ነው! ሞትን በስሙ መጥራት ነው!» አለ ሌላው። «ይነቀል! አሁኑኑ ይነቀል!» ተባለ። አንዱ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ጋሽ ተፈራ ጃንጥላቸውን አነሱ።

ድንኳኑ ቢነቀል ሁሉም ይሄዳል። ሁሉም ቢሄድ ሰኞ ልጄ ቦርሳዋን ይዛ ከወዲህ ማዶ ትቆማለች። ተነሳሁና በሕይወቴ ሁለተኛውን ንግግር አደረግሁ። «ሀያት ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች። መሻገሪያ የላትም። ሌላ የምለው የለኝም» አልኩ። ከመጀመሪያው ረዘም ብሏል።

አዴ ከዲጃ ንፍሯቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ሀያት የማን ልጅ ናት?» አሉ። «የኔ» አልኳቸው። «እናቷስ?» ሲሉ ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት አየ። ሐጂ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ቀስ አድርገው ነገሯቸው። ባልቴቷ ንፍሯቸውን አስቀመጡ። «ስሟ ማነው?» አሉኝ። «ዘይነባ።» «እንግዲያው ያለቀስኩት ለዘይነባ ነው፤ እንባዬ ቦታውን አገኘ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እናንተስ? እናቷን ተሸክማችሁ ቀብራችሁ ልጇን ውሃ ዳር ልትተዉ ነው? እንዲህ ነው እንዴ የሮቤ ሰው? እኛ ገሰራ ይህን አናውቅም» አሉ።

የሮቤን ሰው ስደቡት፣ ይችላል። ከገሰራ አሳንሳችሁ ስደቡት ግን ይነሳል። ገመዱን ይፈታ የነበረው ሰውዬ መልሶ አሰረው። ሐጂም ያችን ዝቅ ያለች ድምፃቸውን አወጡ። «ድንኳን የገባ ሰው ሳይሸከም አይወጣም። ግንዶቹ ከላይ ናቸው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ኃላፊው ያዘዝኩት ነገር የለም። ቀብር የለመደ ትከሻ ምን ያዝዙታል? ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት፣ ከጎን ተቀያሪ። አንዱ ሲደክመው ሳይናገር ሌላው ይገባለታል። ያ ጠዋት አልነቃነቅ ብሎኝ የነበረ ግንድ እንደ ቃሬዛ እየተንሳፈፈ ወረደ። ልማድ ሆነባቸውና ከሙስሊሞቹ አንዳንዱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት ጀመሩ። በመንገድ የሚያልፈው ክርስቲያን ባርኔጣውን አወለቀ። ለባሕር ዛፍ እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶ አያውቅም። ለሬሳ ጥቂት እርምጃ መሸኘት ደግሞ ደንብ ነው፤ የሸኘ ሁሉ ቦዩ ዳር ደረሰ፤ ቦዩ ዳር የደረሰ ሁሉ ድንጋይ ተሰጠው። ሴቶቹ አፈርና ድንጋይ አቀበሉ። አዴ ከዲጃ አግዳሚያቸው ላይ ሆነው «እሱ ድንጋይ ይዞራል፣ ገልብጠው!» ይላሉ። ቅቤያቸው እዚያው አለቀ፣ ገበያ መውጣት አላስፈለጋቸውም።

ክርክር አልነበረም ብል ውሸት ነው። ምስማሩ ከላይ ይመታ ከጎን፣ አፈሩ ይቅደም ድንጋዩ፣ በዚህ ላይ ብዙ ተባለ። ግን እየተሠራ ነው የተባለው። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት አራቱ ግንዶች ከዳር ዳር ገቡ፣ ርብራቡ ተመታ፣ አፈርና ድንጋይ ለበሰ። ጋሽ ተፈራ መሃሉ ላይ ቆመው ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ተናገሩ፤ ድልድዩ የመጀመሪያውን ከባድ ጭነት በዚሁ ቻለ። ቀበሌም ሰው ልኮ ነበር። ልዑኩ መጣ፣ አየ፣ ሥራው በእቅዱ መሠረት በመጠናቀቁ አመሰገነ።

አስቸጋሪው ድንኳኑን መንቀል ነበር። ወሬው ጎባ ደርሶ ኖሮ ከጎባ የመጡ ሰዎች በሚኒባስ እየወረዱ ነው። ንጉሤን መንገድ ላይ አቆምነው። «ማንም አልሞተም፣ በሰላም ተመለሱ» ይላቸዋል። «አይዞህ፣ ቻለው» እያሉ አቅፈውት ያለቅሳሉ።

ሁሉም ሲበተን ሀያትን ከጎረቤት ቤት አመጣኋት። «ይኸው» አልኳት። ድልድዩን አየችው፤ እኔን አየችኝ። እጇን ልይዝ ስል ወደ ኋላ ደበቀችው። «አባ፣ አንተ እዚህ ቁም» አለችኝ። ቆምኩ።

ሄደች። መሃል ላይ ስትደርስ ሁለቴ ዘለለች፤ ሥራውን የምትረከብ መሐንዲስ ነው የመሰለችኝ። ተሻገረች። ዞር ብላ ታየኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላየችኝም። ቀጥ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር መራመድ ጀመረች።

እንግዲህ የፈለግሁት ይህን አይደለም? ያለ እኔ እንድትሻገር አይደል ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስኩት? ነው። ይኸው ተሻገረች። ደስ ይበለኝ እንጂ።

«ሀያት!» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት?»

«የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቷል። ነይ ልሰርልሽ።»

ተመልሳ መጣች። ያደረገችው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ማሰሪያ የለውም። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት።