የሚስቴ የአጎት ልጅ

የሚስትን የአጎት ልጅ ያህል የተከበረ እንግዳ በዚህ ዓለም ላይ አለ? እስቲ ንገሩኝ። በር ሳያንኳኳ ይገባል። ዓይንህ እያየ ሚስትህን ጉንጭና ጉንጯን ይስማታል፤ አንተ ደግሞ ፈገግ ብለህ "ተጫወት እንጂ፣ ቤትህ አይደል!" ትለዋለህ። ሌላ ወንድ ቢያደርገው ዱላ ያማዝዛል። ለእሱ ግን ተፈቅዶለታል። ለምን? ወንድሟ ነዋ! በእኛ ሕግ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት አይቻልም፤ በሰባት ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ወንድምና እህት ነው፤ በወንድም ደግሞ አይቀናም።

እኔም በዚህ ሕግ ተማምኜ በሰላም እኖር ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ነው። በርበሬ በረንዳ አንዲት ሱቅ ነበረችኝ፤ ሚስቴ ዘነቡ ከጎኔ ተቀምጣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። የአጎቷ ልጅ ታፈሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጎጃም ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ጉዞው በቀጥታ ወደ እኛ ሱቅ ነው። ጥርሱ ነጭ፣ ቁመቱ መለሎ፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛዋል። እኔን "ጋሼ" ይለኛል። ጋሼ የሚያሰኝ የዕድሜ ልዩነት በመካከላችን መኖሩን ግን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ሰላሜን ያደፈረሰው ጎረቤቴ ሳሌህ ነው። ሳሌህ የመናዊ ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሰው ማስቀየም አያውቅም። አንድ ቀን ስለ ትዳር ስናወጋ ሚስቱ የአጎቱ ልጅ መሆኗን እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገልኝ። ደነገጥኩ። በእነሱ ሕግ የተፈቀደ ነው አለኝ፤ አባቱም ያገባው የአጎቱን ልጅ ነው። ከልጅነት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲጋቡ ፍቅሩ ይጠነክራል ብሎም ጨመረልኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ባይጨምር ምን ነበረበት? ዞር ስል ታፈሰ በእኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለዘነቡ የልጅነታቸውን ያወጋታል፤ እሷ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ትስቃለች። ለእኔ እንዲያ ስቃልኝ አታውቅም።

ቀናሁ። ምን አስደበቀኝ? የአጎት ልጅ ሲባል የትኛው አጎት? ያገሬ ሰው እንደሆነ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሁሉ አጎቴ ማለት ይወዳል። ሰባት ቤት ውስጥ ከሆነ እሰየው፤ ካለፈስ? ካለፈማ ሰውየው ለካ ባዳ ነው!

ስለዚህ አስቆጥራለሁ አልኩ። የዘነቡን አገር ሰው ዘር በቃላቸው የሚያንበለብሉ እማሆይ ድንቅነሽ የሚባሉ መነኩሲት ራጉኤል አጠገብ ይኖሩ ነበር። ዘነቡን "ልጆቻችን ዘራቸውን ይወቁ" ብዬ አታልዬ ወሰድኳት። ታፈሰም መኪናውን አቁሞ ተከተለን፤ መቼ ይቀራል!

እማሆይ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። አንድ ቤት ባለፉ ቁጥር ልቤ አብሯቸው ይዘላል። ሲጨርሱ፣ ታፈሰና ዘነቡ የሚገናኙት በስምንተኛው ቤት ነው አሉ። ስምንት! ባዳ ነው ማለት ይቻላል አሉና፣ ዘሩ ግን የጀግና፣ የለጋስ ዘር ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ዘነቡ በኩራት አየችው።

ይኼኔ ዝም ብል ምን ነበረበት! ግን የቀና ሰው አፉን መች ይዘጋል? የእኔስ ዘር ከማን ያንሳል ብዬ ማንም ሳይጠይቀኝ መደርደር ጀመርኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁ። ስድስተኛው ላይ ደርሼ "የዳሞቱ ባሻ ወልዱ!" ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። የእማሆይ ጣት እንደታጠፈ ቀረ። ባሻ ወልዱ ለካ በእናቷ በኩል የዘነቡም ስድስተኛ አያት ናቸው።

ስትጋቡ አልተቆጠረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተቆጥሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ምግብ ቀረበ። የቀረውን ከበላን በኋላ እንቀጥላለን አሉ፤ ከበሉ በኋላ ደግሞ ዘፈን ተጀመረ።

ለካ በሰባት ቤት ውስጥ ያለሁት ወንድሟ እኔ ነኝ፤ ሊያገባት የሚችለው ባዳ ደግሞ ታፈሰ። ሦስት ልጆች ወልደናል። ባዳ ላስወጣ ሄጄ እኔው ልወጣ ነው? እማሆይ እግር ሥር ወደቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ዘነቡ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ አሏት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት እያየች፣ "እማሆይ፣ እኔ የማውቀው የልጆቼን አባት ነው፤ ሌላውን የቆጠረ ይወቀው" አለች። የዚያን ቀን ያህል ወድጃት አላውቅም። እማሆይም፣ "እኔ አርጅቻለሁ ልጄ፤ ከአራት በላይ መቁጠር ያደክመኛል" ብለው የታጠፉትን ጣቶቻቸውን ዘረጉ።

ከእማሆይ አፍ እንደማይወጣ አምናለሁ። ከእኛም አይወጣም። ከሰሙት ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ታፈሰ ሱቃችን መጣ። ሳይጠይቀኝ በርጩማዬን ለቀቅሁለት፤ ምን ላድርግ? ዘነቡን እንደ ልማዱ ጉንጭና ጉንጯን ሳማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጋሼ ማለቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና በዚያ ነጭ ጥርሱ እየሳቀ፣ "እንዴት አደርክ፣ አማቼ?" አለኝ።