ጋሽ ቢተው እና የወደቀችው «ው»

አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር ፀጉር ቤት ውስጥ አለው፣ ሌላው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ። ሚኒስትሩ ደመወዝና ዘበኛ የለውም፤ ብራስልስ ምን እንዳሰበች ግን ከብራስልስ ቀድሞ ያውቃል። የጎሮው ሚኒስቴር የሚሰየመው ፈትያ ሱቅ በር ላይ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ክቡርነታቸው ስማቸው ጋሽ ቢተው ሲሆን ሰፈሩ «አምባሳደሩ» ይላቸዋል።

መተዳደሪያቸው ታክሲ ነው። ቢጫ መኪናቸውን ይዘው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ያነሱና አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ደጃፍ ያወርዳሉ። የዓለም ምስጢር ሁሉ የሚገለጥላቸው በዚያች አጭር መንገድ ነው። እንግዳው ካወራ ወሬው ምንጭ ነው፤ ካላወራም ዝምታው።

«ትናንት ያደረስኩት ፈረንጅ ቃል አልተነፈሰም» ይላሉ ሳጥናቸው ላይ እየተመቻቹ። «ተቆጥተዋል ማለት ነው።»

«በረራው አድክሞት ይሆናላ፣ ጋሼ» ትላለች ፈትያ፣ ስኳር እየመዘነች።

«ድካም ሌላ፣ ቁጣ ሌላ። እኔ እኮ በመስታወት ነው የማየው። ደግሞ ሦስት ሻንጣ ይዟል። ሦስት ሻንጣ የያዘ ሰው ነገሩን መቋጫ ሳያበጅለት አይመለስም።»

አንዴ እንዲህ የተነበዩለት ባለሻንጣ የአበባ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ቢተው ቅንጣት አልደነገጡም። «ሽፋኑ ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ፈትያ ይህን ሁሉ እንደ ሬዲዮ ነበር የምታዳምጠው፤ እጇ ሥራ ላይ፣ ጆሮዋ በግማሽ። ታናሽ ወንድሟ ኻሊድ ከተያዘ ወዲህ ግን ጆሮዋ ሙሉ ሆነ። ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። ወጣቶች በጅምላ በታፈሱበት ሰሞን እሱም ከሥራ ሲወጣ ተወሰደ። «ለማጣራት ነው» ተባለ። የሚጣራው ምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ስንቅ ቋጥራ የሄደችበት ጣቢያ ሁሉ የሚመልስላት አንድ ቃል ነው፤ «እዚህ የለም።» ደሴ ያሉት እናቷ በደወሉ ቁጥር «ደህና ነው፣ እማ» ትላለች። ደህና ይሁን አይሁን፣ ይኑርም አይኑር አታውቅም።

አምባሳደሩ ከዚያ ወዲህ መግለጫዎችን የሚከታተሉት ለእሷ ሲሉ ሆነ።

«አይዞሽ ፈትዬ፣ ጫናው ተጀምሯል። ዛሬ መግለጫ አውጥተዋል።»

«ምን አሉ?»

«አሳስቦናል።»

«እሱንማ እኔም ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ስትዪውና እነሱ ሲሉት አንድ ነው እንዴ? ይሄ ገና ማርሽ አንድ ነው። ቀጥሎ ‹በእጅጉ አሳስቦናል› ይመጣል። እሱ ማርሽ ሁለት ነው።»

«በማርሽ ሁለት የት ይደረሳል?»

«ዳገት ነዋ መንገዱ» አሉ ጋሽ ቢተው፣ ዳገቱን ራሳቸው የሠሩት ይመስል አቀርቅረው።

ትልቁን ትምህርታቸውን የሰጧት ከዚህ በኋላ ነው። እንደ እሳቸው አባባል የዓለም ፖለቲካ የተንጠለጠለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው። ድርጅቱን ጉዳዩ «አሳሰበው» ከተባለ ጭንቀቱ የራሱ የድርጅቱ ነው፤ ተጨንቆ ተኝቷል። «አሳሰበ» ከተባለ ግን ጭንቀቱን ለመንግሥት አስረክቧል፤ ስሙ ጫና የሚሆነው ያኔ ነው። «እንግዲህ ጠብቂ» አሏት። «ያቺ ‹ው› የወደቀች ዕለት ኻሊድ ቤቱ ይገባል።»

ሳቅ ያለበት ትምህርት ነበር፤ ፈትያ ግን አልሳቀችም። ስኳር ስትመዝንም፣ ዘይት ስትቀዳም፣ ሶላቷን ስታደርስም የ«ው»ን መውደቅ ትጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢጫዋ መኪና ሱቁ ፊት ተንሸራታ ቆመች። ጋሽ ቢተው ሞተር ሳያጠፉ ወርደው ስልካቸውን ወደ ፊቷ አስጠጉ። «አንብቢ። ጮክ ብለሽ።»

«ዓለም አቀፉ ድርጅት የታሳሪዎች ጉዳይ በብርቱ አሳሰበ» ብላ አነበበች ፈትያ።

«በብርቱ ምን?»

«አሳሰበ።»

«‹ው› የታለች?»

የለችም። ፈትያ ወዲያው ደሴ ደወለች። እናቷ በስልክ ሲያለቅሱ ጎረቤቶቻቸው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ይሰማት ነበር። የኻሊድን አልጋ ልብስ አጠበች፤ የሚጠበውን ሸሚዙን ትታ ሰፊውን ተኮሰች፤ እስር ቤት የከረመ ሰው ይከሳል እንጂ እንደማይወፍር ሲገባት ያንንም መልሳ አጠፈችው። በማግሥቱ ልብሱን ይዛ ጣቢያዎቹን ሁሉ ዞረች። «እዚህ የለም።»

ማታ ላይ ሳሙና ልትገዛ የመጣችው ደንበኛዋ ሀይሚ ነገሩን ሰምታ ዜናውን በራሷ ስልክ ከፈተች። «ፈትዬ፣ ‹አሳሰበው› ነው እኮ የሚለው።»

ሳጥናቸው ላይ የነበሩት ጋሽ ቢተው ስልካቸውን አወጡ። የስልኩ መስታወት ወድቆ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በቀኝ ጠርዙ በኩል ቀለም እንደፈሰሰበት ጠቁሯል። ጽሑፉን በጣታቸው ወደ ላይ ገፉት፣ ወደ ታች ሳቡት፣ ስልኩን አጋደሙት። ሲያጋድሙት መስመሩ ተለጠጠና «ው» ከጥቁሩ ሥር ቁልጭ ብላ ወጣች። አልወደቀችም ነበር። ተደብቃ ነበር።

ፈትያ ደሴ ምን ብላ እንደምትደውል እያሰበች ነበር። አምባሳደሩ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ሳጥኑን ወደ ጥግ አስጠጉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ባዶ ሆነ፤ ሰፈሩም ያለ ውጭ ፖሊሲ ሰነበተ። ከሳጥኑ አጠገብ የሚያልፉ ሰዎች «ክቡርነታቸው ወዴት ናቸው?» ይሏታል። «ለምክክር ተጠርተው ይሆናል» ትላለች ፈትያ። ተቆጥታለች። ግን ሱቁ ውስጥ ፀጥታው ሲበዛባት፣ ሳይታወቃት በሩን በሩን ታያለች።

አንድ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቢጫዋ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ቢተው ካፖርት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ የጎኑን በር ከፍተው ይጠብቃሉ።

«ስንቁን ይዘሽ ግቢ» አሉ። «ጀኔቫ ይቆየን። ከዛሬ ጀምሮ የሁለትዮሽ ግንኙነት ነው።»

«የኤርፖርቱ እንግዳስ?»

«በእግሩ ይሂድ፤ አገሩን ይየው።»

በየጠዋቱ እየሄዱ ከየጣቢያው በር ይቆሙ ጀመር። ጋሽ ቢተው፣ ከሳጥናቸው ላይ ሆነው መንግሥታትን ሲያንቀጠቅጡ የኖሩት ሰው፣ በር ላይ ያለ ወጣት ፖሊስ ፊት ሲደርሱ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጌታዬ፣ የልጁ ጉዳይ አሳስቦን ነበር» ከማለት አያልፉም። ተመለሱ ሲባሉ ይመለሳሉ። በማግሥቱ እዚያው ቆመው ይገኛሉ። ቢጫዋ መኪናም ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ትውላለች።

ከከተማው ዳር ያለ አንድ ጣቢያ በር ላይ የቆመው ፖሊስ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። «እሷስ እህቱ ነች። እርስዎ አባባ፣ የእስረኛው ምኑ ነዎት? ዘመድ ያልሆነ በር ላይ አይቆምም።»

ፈትያ የያዘችው የስንቅ ሳህን ከበዳት። ዘመድ አይደሉም ከተባለ ዛሬ ሁለቱም ይባረራሉ፤ ነገም አይጠጉም።

«አጎቱ ነኝ» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ስምዎ?»

«ቢተው።»

«እሱ ኻሊድ፣ እርስዎ ቢተው?»

«ወሎ ነን» አሉ ጋሽ ቢተው፣ ሁሉን የሚመልስ መልስ ነውና ቀና ብለው። ወሎ ቤት አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ማንንም አይገርምም። ችግሩ ጋሽ ቢተው የቢቸና ሰው ናቸው፤ ወሎን ረግጠው አያውቁም። የባሰው ችግር ደግሞ የፖሊሱ ፊት ድንገት በፈገግታ መፈታቱ ነበር።

«እኔም ወሎ ነኝ። የት ነው ወሎ?»

«ኮምቦልቻ።»

«ኮምቦልቻ የት ጋ?»

የጀኔቫን አዳራሾች በር በበር የሚቆጥሩት አምባሳደር ግንባራቸው ላብ አወጣ። ስለ ኮምቦልቻ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ኤርፖርቱ ጋ» አሉ።

«ኤርፖርቱ ጋ ማን ይኖራል፣ አባባ?»

«እኛ።»

ፖሊሱ ወደ ፈትያ ዞረ። «አጎታችሁ ናቸው?»

ፈትያ ውሸት የማትወድ ሰው ናት፤ ሚዛኗን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያምናል። ጋሽ ቢተውን አየቻቸው። ክራቫታቸው ወደ ጎን ዞሯል፣ ኮፍያቸው በእጃቸው ተጨማዷል።

«የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው» አለች። «አሳድገውናል።»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ግራ ቀኝ አይቶ ሳህኑን ከእጇ ተቀበለና ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ቆሙ። ጋሽ ቢተው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ትንታኔ አልነበራቸውም።

ፖሊሱ ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። «ነጠላ ጫማ አምጭልኝ ብሏል» አለና ፊቱን አዞረ።

ፈትያ ሳህኑን በሁለት እጇ አቅፋ እስከ መኪናው ሄደች። ገብታ ከተቀመጠች በኋላም አለቀቀችውም። ጋሽ ቢተው ቁልፉ እንቢ እያላቸው ነበር።

«ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ነጠላ ጫማ የለውም ማለት ነው» አሉ ጋሽ ቢተው፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ቁጥሩ ስንት ነው?»