ነፋሱን ዝም ያሰኘሁ ጊዜ

ነፋስ ዝም ያሰኘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አትሳቁ።

ያኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የወርክሾፕ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከእንጨት ረጅም ሳጥን ሠርቼ ጫፉ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠምኩለት። የነፋስ ዋሻ ይባላል፤ ተማሪዎች በነፋስ ለሚሠራ የውኃ መሳቢያ ያዘጋጁትን ክንፍ ይፈትኑበታል። ሲነሳ ታዲያ ጉድ ነው! በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አስቡት።

ከግድግዳው ወዲያ መምህር ዳና ሥነ ዜጋ ያስተምራል። ሐሳብን በነፃነት ስለመግለጽ እየጮኸ ያስረዳል፤ ማን ይስማው? በግምገማ ላይ ተነሣና ተማሪዎቼ የወደቁት በዚህ ሰውዬ ነፋስ ነው አለ። ዲኑም በሁለት ሳምንት ጸጥ ካላለ ፈርሶ ይወጣል ብለው ወሰኑ። ስድስት ወር የለፋሁበት እኮ ነው!

ለካ ነፋስ ብቻውን አይጮኽም፤ የሚያስጮኸው የሚጋጨው ነገር ነው። ስለታሙን ጠርዝ ሁሉ ሞርጄ አለዘብኩት። የሳጥኑን ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚውጥ ነገር ማልበስ ነበረብኝ። ስፖንጅ ከየት ይምጣ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ባለቤቴን ይዤ ጉኑኖ ወረድኩና አማቴን ከእንሰታቸው ቃጫ ለመንኳቸው። ገመድ ልገምድ መስሏቸው ላም ገዛህ ወይ አሉኝ። የለም፣ ነፋስ ዝም ላሰኝበት ነው ስላቸው ልጃቸውን በሐዘን አዩዋት። ግን ሰጡኝ። አምጥቼ ከተበሳሳ ላሜራ ጀርባ ጠቀጠቅኩት።

ቀኑ ደረሰ። ዲኑ አፍርሰው የሚያወጡ ሦስት ወዛደሮች አስከትለው መጡ። ማራገቢያውን አስነሣሁ። ዲኑ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩና መብራት ሄዷል እንዴ አሉ። ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ጎንበስ ይበሉ አልኳቸው። ጎንበስ ከማለታቸው ኮፍያቸው በመስኮት ወጣ። ወዛደሮቹ ኮፍያ ፍለጋ ተላኩ፤ ዋሻዬ ቀረልኝ። ያን ዕለት የነበረኝን ደስታ አትጠይቁኝ።

መንፈቁ አልቆ ውጤት ተለጠፈ። የመምህር ዳና ተማሪዎች እያንዳንዷን ቃል ጥርት አድርገው እየሰሙ እንደ አምናው ወደቁ። በማግስቱ መምህሩ ወርክሾፕ መጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ዐርብ ግምገማ አለ። ሳጥኑን ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እስከ ዐርብ ትንሽ ብታስጮኸው ምን አለበት?»