የጋሼ ታደለ ጓርኒሲዮን

አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ብረት ብቻ የገዛ ይመስለዋል። ተሳስቷል። የገዛው ከእሱ በፊት የነካኩትን ሰዎች ሁሉ ነው። አንዱ ቡሎኑን ያለ ቅጥ አጥብቆ ይሄዳል፣ ሌላው «ለጊዜው» ብሎ ሽቦ ይጠመጥማል፤ እናንተ ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ ተቀምጣችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ትጨቃጨቃላችሁ። እኔን የገጠመኝ ግን የማውቀው ሰው ነው። ያውም አርባውን ያወጣሁለት።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ አስናቀች ተሰደን፣ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ባሏ ጋሼ ታደለ መካኒክ ነበር። በደርግ ይፈለግ ስለነበር ተከትሎን ሊመጣ ሲል፣ ሞያሌ ላይ ድንበር ሲሻገር በጥይት ተመታ ብሎ አንድ መንገደኛ አረዳን። ሬሳውን ያየ የለም። ያኔ ሬሳ ማን ያሳያል? አለቀስን፤ የአርባውንም ጥሪ በእጄ ጽፌ፣ አባዝተን ለሐበሻው ሁሉ በተንን።

ወራት ቆይቶ ጊኮምባ ገበያ፣ ከቁርጥራጭ ብረት መሀል አንዲት ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር አገኘሁ። ዝገቷ ዕድሜዬን ያስንቃል። አድሼ፣ ወፍጮ አስሬባት በርበሬ ልፈጭባት አሰብኩ። ደጃፋችን ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ካንዴላዋን ፈታሁ፣ ካርቦራቶሯን በቤንዚን አጠብኩ። የቤንዚን ቱቦዋን ያሰረው ሽቦ ወደ ግራ ተጠምዝዟል፤ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሽንኩርት የምትከትፈው እህቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የታደለ እጅ ነው» አለች።

ጋሼ ታደለ ግራኝ ነበር። «ዓለም ላይ ግራኝ እሱ ብቻ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አልጣመኝም።

የዘይት ቤቱን ክዳን ስከፍት ጓርኒሲዮኑ፣ ያቺ ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የምትገባው ስስ ቀለበት፣ ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። መካኒክ ሲቸግረው ከወረቀት ቆርጦ ያበጃታል፤ ይኼ አይገርምም። ይቺኛዋ ግን ፊደል ነበረባት። ዘይቱን ጠረግሁት። የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው፤ የአርባው ጥሪ። የሟቹ ስም መሀሉ ላይ በተቆረጠው ቀዳዳ ወጥቷል፤ «ባለቤቱ ወይዘሮ አስናቀች» የሚለው ግን ጠርዙ ላይ ሳይነካ ቀርቷል። ሰውዬው የራሱን ለቅሶ አንብቦ፣ በልኩ ቆርጦ፣ ቡሎን አጥብቆበት ሄዷል።

«አሁኑኑ ሄጄ ሻጩን ልጠይቀው» ብዬ ተነሳሁ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ እትዬ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «የሞተ ሰው ማንም አይፈልገውም። አንተ ከጠየቅህ ግን የሚፈልጉት ሰዎችም ይሰማሉ። እንዳገኘኸው መልሰህ ግጠመው።»

ገጠምኩት። ሞተሯ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳች። ሁለታችንም፣ ሦስተኛ ሰው አብሮን የቆመ ይመስል፣ እስክትጠፋ ድረስ አዳመጥናት።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጥሪውን እንደገና እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ ዘይት የሚችል ይሁን» አለች። ከናይሮቢ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከፓርክላንድስ እስከ ኢምባካሲ፣ አንድ ሐበሻ ሳናስቀር በተንን። በዕለቱ እህቴ ከመርዶው ቀን አብልጣ አለቀሰች፤ ሴቶቹ ይዘው ሊያረጋጓት አልቻሉም። ለማስመሰል ነው እንዳልል ዓይኗን አይቻለሁ። ለሞተ ሰው እንዲያ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም።