የእናቴ ጠላ ማጥለያና የሎደሩ ፓምፕ

ፍርሃት ሰውን ሲለቅ ቀስ ብሎ ቢለቅ ጥሩ ነበር። ቀስ ብሎ የለቀቀ ፍርሃት ሰውን ጨዋ ያደርገዋል፤ በአንዴ የለቀቀ ግን መሐንዲስ ያደርገዋል። እኔን ያደረገኝ እንደዚያ ነው።

እንድታውቁኝ ያህል፣ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ የሚያልበኝ ልጅ ነበርኩ። ውሻ እፈራለሁ፣ ባጃጅ እፈራለሁ፣ ጥቁር ሰሌዳ ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ እፈራለሁ። ዘንድሮ የፊዚክስ መምህራችን «የታመቀ ፈሳሽ ግፊቱን ወዴት ያስተላልፋል?» ብሎ ሲጠይቅ እጄ ሳላዘው ወጣ። «ወደ ሁሉም አቅጣጫ» አልኩ። ልክ ነበር። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ማውረድ አቃተኝ። በሒሳብ አወጣለሁ፣ በታሪክ አወጣለሁ፣ መምህሩ «ማነው ያፏጨው?» ሲልም አወጣለሁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኔም ደጃዝማችነቱ እንዳይቀርብኝ ሰጋሁ።

አሁን ወደ ትራክተሩ። አባቴ እዚህ አዲስ ቅዳም ከተማ ከፊቱ ሎደር፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ የማንሻ ክንድ፣ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር አለው። ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ዛፍ፣ ዲከረንሱን፣ ቆርጦ መንገድ ዳር ይከምራል፤ ሎደሩ ግንዱን እያነሳ የጭነት መኪና ላይ ይጭናል። የምንበላውም እኔ የምማረውም በዚያ ነው። የሚነዳው አያ ምናለ ነው፤ አራት ዓመት አብሮን ሠርቷል፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያ ምናለ የሎደሩን ዘይት ይቀይራል። አሮጌውን አፍስሶ፣ የዘይት ታንከሩን በናፍታ አጥቦ፣ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ቱቦ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን የሽቦ ወንፊት ሰጠኝ። «እታለም፣ ይቺን እጠቢና መልሰሽ እሰሪያት። አዲሱን ዘይት ይዤ ልምጣ» ብሎኝ ሄደ።

ወንፊቱን አየሁት። በዚያ ቀዳዳ ጤፍ ያልፋል። እኔ፣ ክፍል ያስጨበጨብኩ ልጅ፣ ይህንን ዝም ብዬ ልሰር? የእናቴ ጠላ በሰፈሩ የተመሰገነው ሁለት ጊዜ ስለሚጠለል ነው። ለሠርገኛ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ እኛን ለሚያበላን ፓምፕ ምን ያንሰዋል? ገባሁና የእናቴን ማጥለያ ጨርቅ አመጣሁ። ሦስት እጥፍ አድርጌ ወንፊቱን ጠቀለልኩበት፣ በሲባጎ ጠፈርኩት፣ ቱቦው ላይ አሰርኩት። ታንከሩ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ስለገባ አያ ምናለ ተመልሶ ዘይቱን ሲሞላ አላየውም። እኔም አልነገርኩት። ሥራው ሲያምር እናገራለሁ ብዬ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ዓርብ ጠዋት፣ ቅቤ በሚያረጋው ብርድ፣ አያ ምናለ ሞተሩን አስነስቶ የመጀመሪያውን ግንድ ሊያነሳ ሲል ፓምፑ ጮኸ። ጩኸት ስላችሁ የሞተር አይደለም፤ በር ጅራቷን የያዘባት ድመት ጩኸት ነው። የሎደሩ ክንድ ተንቀጠቀጠና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አባቴ ጋቢውን ጥሎ ደረሰ።

«አጥፋው። ትናንት ዘይት የቀየረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ምናለ።

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

አያ ምናለ አየኝ። ደብተሬን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዐይኑን ከእኔ መለሰ። «እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው ፓምፑን የገደልከው አንተ ነህ። ቁልፉን ስጠኝና ወደ ቤትህ ሂድ።»

አራት ዓመት በአንድ አፍ አለቀ። የድሮዋ እኔ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ «ረፍዶብሻል፣ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ» አለችኝ። እውነትም ረፍዷል። እግሬ ታዘዛትና ሁለት እርምጃ ሄደ። እጄ ግን አንዴ ተበላሽቷል፤ ወጣ። እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ አንድ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምኩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አለ አባቴ።

«መምህር፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

ታንከሩ ተከፈተ። ጨርቁ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ወጣ። ከማታ ጀምሮ ቤቱን ስትፈትሽ ያደረችው እናቴ አየችውና «ማጥለያዬ» አለች። አያ ምናለ ግን ጎማው ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ።

«እታለም፣ ፓምፕን ሲጠጣ አንገቱን አያንቁትም። ዘይቱ በጨርቅሽ አላልፍ ቢለው አየር እየዋጠ ነው የጮኸው። ደቃቁን ቆሻሻ የሚይዘው ማጣሪያ ዘይቱ ወደ ታንከሩ በሚመለስበት ቱቦ ላይ ነው። ያውልሽ።»

ያቺን የማጣሪያ ቆርቆሮ በየቀኑ አያት ነበር። የአያ ምናለ የምሳ ዕቃ ትመስለኝ ነበር።

አባቴ ይቅርታ ማለት አያውቅበትም። ቁልፉን ለአያ ምናለ ዘረጋለትና «ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣኸው?» አለው። ሞተሩ ተነሳ፤ ፓምፑ ጸጥ እንዳለ ክንዱ ግንዱን ተሸክሞ ወጣ።

አባቴ አሁን ገበያ ላይ «ብልሽቱን ያገኘችው የእኔ ልጅ ናት» እያለ ያወራል። ውሸት ነው አልልም፤ ያስቀመጠ ያገኛል። የሰፈሩ ወፍጮ በተንጫጫ ቁጥር «እሷን ጥሯት» ይባላል። እናቴ ደግሞ አዲሱን ማጥለያ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። አያ ምናለ ለማንም አልተናገረም። መንገድ ላይ ሲያልፈኝ ብቻ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ እንደ ተማሪ ወደ ላይ ይይዘዋል።

ሰው ሰላምታ ይመስለዋል።