የሰሚራ ምርቃት በሁለት ፎቅ

ሰው ስለ እኔ የሚያወራውን እንዳታምኑ። ኮምፒውተር አላውቅም። እኔ ሶማሌ ተራ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ነው የምሸጠው። «ኮምፒውተር ዐዋቂ» የሚለው ስም የወጣልኝ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣት ነው። እንዴት መሰላችሁ?

በእኛው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ሀጂ ከድር የሚባሉ የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ትልቅ ነው። አንድ ጊዜ ስልካቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጮህ ከረመ። ሀጂ ሰው ሁሉ የተቀየማቸው መስሏቸው፣ ከሚስታቸው ጋር ቁጭ ብለው ማንን እንዳስቀየሙ ሲያስቡ ሰነበቱ። እንዲያውም ሁለት ሰዎች ጋ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል አሉ። ሁለቱም ይቅር ብለዋቸዋል፤ በምን እንደሆነ ግን ሦስቱም አያውቁም። በመጨረሻ ስልኩን ይዘው እኔ ጋ መጡ። አየሁት። አናቱ ላይ ትንሽዬ የአውሮፕላን ምልክት አለች። ነካ አደረግኋት። ጠፋች። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«አላህ ይስጥህ!» አሉ ሀጂ።

በቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕንፃው መሐንዲስ እኔ ሆንኩ። ሪሞት አልሠራ ያለው እኔ ጋ። ሚዛኑ የተበላሸበት እኔ ጋ። አንዷማ «ፍሪጄ ያንኮራፋል፣ መጥተህ እይልኝ» ብላኝ፣ ሄጄ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ አዳምጬላት መጥቻለሁ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ አይደል? እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው «አንተ እኮ ታውቃለህ» ሲላችሁ «የለም፣ አላውቅም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ይጣፍጣላ!

የሀጂ ልጅ ሰሚራ ሕንድ አገር ፋርማሲ ስትማር ቆይታ የምትመረቅበት ቀን ደረሰ። ሀጂና ባለቤታቸው እትዬ ሙኒራ ሊሄዱ ተሰናድተው፣ ልብስም አሰፍተው ነበር። በመሐል ሀጂ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሐኪሙም ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ መሄድ አይታሰብም አላቸው። እትዬ ሙኒራ ደግሞ «ያለ እሱ የት እሄዳለሁ?» ብለው ቀሩ። ሰሚራ በስልክ ስታለቅስ፣ እነሱ ወዲህ ሲያለቅሱ፣ በኋላ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ዩኒቨርሲቲው ምርቃቱን በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፋል።

ሀጂ እንባቸውን ጠርገው በቀጥታ እኔ ጋ መጡ።

«ተስፋዬ፣ ልጄን በስልክ እንደ በር ቀዳዳ አሾልቄ አላያትም። በትልቁ ነው የማያት። ይኸው ቴሌቪዥን ገዝቻለሁ። ኮምፒውተር ፈልገህ ታገናኝልኛለህ።»

«እንዴታ!» አልኩ በአፌ። በሆዴማ የት ልግባ እያልኩ ነው።

ሀጂ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የእሳቸው ዝቅ ማለት እስከ ደረጃው ይሰማል። «የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሟን ሲጠሩ መስማት። ሰሚራ ከድር ሲሉ፣ ያ ከድር እኮ እኔ ነኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ስሜ የተጠራው ሊገርፉኝ ሲፈልጉ ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ መሳቅ ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እንደዚያ ላለ ሰው «እንዴታ» ካልኩ በኋላ «ሀጂ፣ እኔ እኮ ያወቅኋት ያችን አውሮፕላን ብቻ ናት» ለማለት ጊዜው አልፏል።

በማግስቱ ገመድ ልንገዛ ወጣን። ሀጂ ከዘራቸውን ይዘው፣ እያነከሱም ቢሆን አልቀርም አሉ። ከአንድ ገመድ ሻጭ ሱቅ ደረስን፤ ኮምፒውተርን ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ገመድ አልኩት።

ሻጩ ቀና ሳይል «ወንድ በወንድ ነው ወይስ ወንድ በሴት?» አለ።

ሀጂ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «አስተግፊሩላህ! ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰው?»

ሻጩ ሳቀ። የገመዱን ጫፍ ማለቱ እንደሆነ፣ የሚሰካው ወንድ፣ የሚሰካበት ደግሞ ሴት እንደሚባል በእጁ ጭምር ማስረዳት ጀመረ። በእጁ ባያስረዳ ይሻል ነበር።

«እና ለልጄ ምርቃት የሚሆነው የትኛው ነው?» አሉ ሀጂ በአንድ ዓይናቸው መንገዱን እየጠበቁ።

«ወንድ በወንድ።»

ሀጂ ፊታቸውን አዞሩ። «ተስፋዬ፣ አንተ ግዛው። እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ።» ትንሽ ቆይተው ከውጭ ሆነው ጮኹ፤ «በጥቁር ፌስታል አስጠቅልለው!»

ኮምፒውተር ደግሞ ከሙሉ ተዋስኩ። ሙሉ ከሀጂ መደብር ሥር፣ ምድር ቤት፣ መጋረጃ የምትሸጥ ሴት ናት። ላፕቶፗን ስትሰጠኝ «ጋሼ፣ እንዳይጥሉብኝ እንጂ ሌላው ግድ የለም» አለችኝ። አልጣልኩትም። ያን ቀን ያልበደልኩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሕንፃው ሰው ግማሹ ሱቁን ጥሎ ሀጂ መደብር ገባ። ሰው ሁሉ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። እንዲህ የሚመች ሲኒማ ቤት አይታችሁ አታውቁም። ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ወልዴ ናቸው፤ የቁልፍ ነጋዴ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ አዛውንት። የስልኬን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ለቀቅሁለት። ገመዱን ከፌስታሉ አወጣሁና ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ሀጂ።

«እያሰበ ነው» አልኩ።

ለካ የሰካሁት ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ነቅዬ ጎኑ ያለው ላይ ስሰካው ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ። ሰው አጨበጨበ። ግን ምርቃቱ አይደለም የመጣው። ሙሉ ናት። ግድግዳ አክላ፣ ሐይቅ ዳር፣ ባርኔጣ አድርጋ፣ በአንድ እግሯ ቆማ። ኮምፒውተሯ ላይ የለጠፈችው ፎቶ ነው።

ጋሼ ወልዴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ይቺ ናት? እሰይ! ቁርጥ ከድርን!»

«ኧረ ሙሉ ናት ጋሼ! የመጋረጃዋ!» አሉ እትዬ ሙኒራ።

«ሙሉ ደግሞ መቼ ተማረች?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥኑን እንደ ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ቆጥሮታል። ምርቃቱን ላፕቶፑ ላይ ብከፍተውም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ቴሌቪዥኑ አይሻገርም። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያደረግሁት ያገኘሁትን ሁሉ መጫን ነው። ሙሉ ጠፋች። ሁሉም ነገር ጠፋ። እትዬ ሙኒራ ጮኹ። እንደገና ሁሉንም ጫንኩ። በምን እንደሆነ ሳላውቀው አዳራሹ፣ መድረኩና ጥቁር ካባ የለበሱት ተማሪዎች ግጥም ብለው ቴሌቪዥኑ ላይ መጡ። ጠርዙ ትንሽ ስለተቆረጠ የተመራቂዎቹ ቆብ አይታይም፤ ከግንባራቸው ወደ ታች ነው ያለው። ይሁን። ፊት ካለ ምን ጎደለ?

«ተስፋዬ» አሉ እትዬ ሙኒራ፣ «ከእንግዲህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግልኝ።»

አደረግሁ። ግን ድምፅ የለም።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርን። እስከ መጨረሻው ጨመርን። መድረኩ ላይ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አንድ ተማሪ ይወጣል። ከፍቶ ይዘጋል፣ ሌላ ይወጣል።

«ምን ይላል?» አሉ ሀጂ።

«ሕንዶች… እርጋታ ይወዳሉ» አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

«አጨበጨቡ እኮ! እጃቸው ሲጋጭ እያየሁ! የት ሄደ ጭብጨባው?» አሉ ሀጂ።

ሀጂ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ይህን ጊዜ ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ሲንኳኳ ተሰማ። ሙሉ ናት፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ጋሼ ተስፋዬ! ስፒከሬ ውስጥ ሰውዬ ገብቶበታል!»

«የምን ሰውዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ፈረንጅኛ ያወራል! ስም ይጠራል!»

ለካስ ሙሉ ሱቋ በር ላይ ትልቅ ስፒከር አላት፤ በራሷ ድምፅ «መጋረጃ! መጋረጃ!» እያለ ገበያ የሚጠራላት። ያንን ድምፅ ያለ ገመድ፣ በብሉቱዝ የምትልክለት በዚሁ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ከላይ ሆኖ የሚያውቀውን ስፒከር ከሥሩ ሲያገኝ፣ የእኔን ወንድ በወንድ ገመድ ንቆ፣ የምርቃቱን ድምፅ ሁሉ ወለሉን አሳልፎ ለመጋረጃ ሱቅ ላከው።

«የማንን ስም ደረሱ?» አሉ ሀጂ።

ሙሉ አሰብ አደረገች። «በፊደል ተራ ነው የሚጠሩት መሰለኝ። አሁን ሮሂት፣ ሩፓ ምናምን ሲል ነበር።»

ሮሂት! ሩፓ! ቀጥሎ የእኛ የሰሚራ ፊደል ነው። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። እትዬ ሙኒራ ተነሥተው ላፕቶፑ ፊት ተገተሩ።

«እንዳትነካው! አንተ ከነካኸው ይሄም ይሄዳል። እኔ ልጄን እያየሁ ነው።»

«እኔስ ልስማት እንጂ!» አሉ ሀጂ። ይህን ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ከዘራቸው የብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል። ኦፕራሲዮን የተደረገው ጉልበት የማን እንደሆነ ረስተውታል። ወድቀው እንዳይሰበሩብን ብዬ ተከትያቸው ሮጥኩ።

ምድር ቤት ስንደርስ ሙሉ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ስፒከሩ በመጋረጃ ታጅቦ፣ ያ ሕንዳዊ ድምፁ እያስተጋባ ስም ይጠራል። ፍራሽ የተሸከመ ሰው ሸክሙን ሳያወርድ ቆሟል። አንዲት ደምበኛ መጋረጃ በእጇ እንደያዘች «ቅናሽ ነው እንዴ የሚለው?» ብላ ትጠይቃለች። ሀጂ ሰዉን ገፍተው ገቡና ስፒከሩ ፊት ቆሙ። ቆፍያቸውን አስተካከሉ። ልክ መምህር ፊት እንደሚቆም ሰው እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ።

መጀመሪያ የተሰማው ከላይ ነው። የእትዬ ሙኒራ እልልታ። ድምፁ ወለል ሲሻገር ዘግይቶ ነው መሰል፣ ምስሉ ቀድሟል። ሀጂ ደንግጠው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ያኔ ስፒከሩ ተናገረ።

«ሳሚራ ካዲር!»

ያ ትልቁ ድምፃቸው ወጣ።

«ካዲር እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ካዲር! ልጄ ናት!»

ምን እንደተባለ ያወቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን እንደዚያ ሲባል ማን ዝም ይላል? ተራው በእልልታ ቀለጠ። ባለ ፍራሹ ከነሸክሙ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ ያለዎት!» አለ። ሙሉ አለቀሰች። ቀጥሎ ሳንጂቭ የሚባል ተጠራ፤ ሰዉ ሞቅ ብሎታልና ለሳንጂቭም እልል ተባለ። ለሱኒል ተባለ። ለሱሬሽ ተባለ። እናቶቻቸው ሶማሌ ተራ እልል እንደተባለላቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ወደ ላይ ስንመለስ ጉልበታቸው ትዝ አላቸው፤ ለሦስት ደግፈን አወጣናቸው። እትዬ ሙኒራ ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ይስቃሉ። ሀጂ ጎናቸው ዘፍ አሉ።

«እንዴት ነበረች?»

«አልከሳችም! አምሮባታል። ግን ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ከዚያ ካባ ሥር ሸራ ጫማ! ደረጃው ላይ ካባዋን ሰብሰብ ስታደርግ አየሁት። አረማመዷ ደግሞ አንተን፤ ሊጣላ እንደሚሄድ ሰው።» ተነሥተው ተራምደው አሳዩዋቸው። «አንተስ? ምን አሉ?»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳሚራ ካዲር!» አሉ በሕንዱ ድምፅ።

«እስቲ ድገመው።»

ደገሙት። እትዬ ሙኒራም እንደገና ተራመዱ። ሀጂ እየጠሩ፣ እሳቸው በብርድ ልብሱ መሐል ካባ ሰብስበው እየወጡ፣ ስንቴ እንደተመረቀች እኔ እንጃ። እኔ ገመዱን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍትም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

በሳምንቱ ሰሚራ የተቀዳውን ቪዲዮ ላከች። ይህን ጊዜ እኔም ሰው ጠይቄ ተምሬያለሁ። ብሉቱዙን አጠፋሁ። ድምፁ በቴሌቪዥኑ እንዲወጣ መረጥኩ። የተቆረጠውን ጠርዝ አስተካከልኩ። እነሱን ሁለቱን ብቻ አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። ምን ልበላችሁ! ምስሉ ከነቆቡ እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ ድምፁም ከዚያው። ስሟ ተጠራ፣ ወጣች፣ ተቀበለች፣ ወረደች። አለቀ። ትንፋሽ አይሞላም።

ሀጂ የቀረ ካለ ብለው ቴሌቪዥኑን ጠበቁ።

«ይኸው ነው?» አሉ ሀጂ።

«ይኸው ነው» አልኩ በኩራት።

ባልና ሚስት ተያዩ። «ያኛው አይሻልም ነበር?» አሉ ሀጂ።

«በጣም እንጂ!»

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ተስፋዬ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ። እስቲ እንደዚያን ቀን አድርገህ አበላሽልን።»

አውቃለሁ ከተባልኩ እንግዲህ ምን እላለሁ? እጅጌዬን ሰብስቤ ያገኘሁትን ሁሉ እየተጫንኩ እስከ ምሳ ሰዓት ታገልኩ። አልበላሽ አለኝ።