በተስካር ፋንታ የተተከለ ጥድ

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። እኔ በስማዳ ብርድ፣ ያውም በሐምሌ፣ ላብ ያጠመቀኝ ሰው ነኝና ተረቱ እውነት ለመሆኑ ምስክር ነኝ። ጀግኖች ጀብዱአቸውን ሲያወሩላችሁ ሰምታችኋል፤ ዛሬ ደግሞ የፈሪ ተራ ነው።

በጃንሆይ ዘመን የወረዳው ገዥ ጸሐፊ ነበርኩ። ዝናብ ሁለት ክረምት ከድቶን አገሩ በረሃብ ሲያልቅ፣ ገዥው "ዝናቡ ጥቂት ዘገየ ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ጻፍኩ። ረሃብ የሚል ቃል ያነሳ አንድ ጭቃ ሹም ታስሮ ነበርና ምን ላድርግ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

የአክስቴ የአንጓች ሦስት ልጆች ከሌሎች ሙታን ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ፤ ለየብቻ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም። ዝናቡ በሰኔ ሲመለስ፣ አክስቴ ተስካራቸውን በምን ላውጣ ብላ ለንስሐ አባቷ አለቀሰች። እሳቸውም እህል ከሌለ ዛፍ ትከይላቸው፣ እግዜር አይቀየምም አሏት። በመቃብሩ ራስጌ ጥድ ተከልን። የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

በሐምሌ መጀመሪያ ገዥው እኔን አስከትለው በዚያ ሲያልፉ በእሾህ የታጠረ ችግኝ፣ አጠገቡም የተንበረከከች ሴት አዩ። በቅሏቸውን ገቱና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ የአገሩ ሰው ነህ። ይህ የምን ዛፍ ነው?"

እውነቱን ብናገር ጥዱ ይነቀላል፣ ቄሱ ይታሰራሉ፤ የእኔን ነገር ተዉት። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ላቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

"የጃንሆይ ልደት መታሰቢያ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ።

ገዥው ከበቅሎ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የጃንሆይ ዛፍማ ያለ ድግስ አይቆምም አሉና፣ ለልደቱ ቀን ወገዳ ከተማ ካለው የመንግሥት ጎተራ አሥር ጭነት ገብስ እንዲወጣ አዘዙ። ትእዛዙንም እኔው ጻፍኩት።

በልደቱ ቀን አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ በላ። ቄሱ ከጥዱ ሥር ፍትሐት ደገሙ፤ ገዥው ለጃንሆይ ዕድሜ የሚጸለይ መስሏቸው አሜን አሉ። አክስቴ ዳቦዋን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

"ልጄ፣ ይህ እህል መቼ ነው ጎተራ የገባው?"

መዋሸት እንደሆነ ለምጄዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አልሆነልኝም።

"ካቻምና ነው፣ አክስቴ።"

ዳቦውን ሳትቀምሰው እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እኔ ግን በላሁት፤ ገዥው እያዩኝ ነበር።